የክት እና የዘወትር፦ የተጨናነቀ የልብስ ቁም ሳጥንን በሐዋሳ አየር የማደራጀት ዝርዝር መመሪያ

የልብስ ቁም ሳጥን የሚጨናነቀው በአብዛኛው የክት ልብስና የዘወትር ልብስ አንድ ላይ ስለሚኖሩ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚፈለገው ሸሚዝ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚወጣው ጋቢ ሥር ይገባል፤ ሸሚዙ ሲሳብ ጋቢው ይናዳል፤ የተናደውም ለጊዜው ተብሎ እንደ ነገሩ ተጠቅልሎ ይመለሳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሩ ራሱ አልዘጋ ይላል። በድሮው ቤት የክት ልብስ በሣጥን ተቆልፎ፣ የዘወትሩ ደግሞ ግድግዳ ላይ በተመታ ችካል ወይም በገመድ ላይ ይውል ስለ ነበር ሁለቱ እምብዛም አይገናኙም ነበር። ቁም ሳጥን መጥቶ ሁለቱን በአንድ በር ዘጋባቸው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የሚነሣው ያንኑ የቀድሞ ልዩነት በአንድ ሣጥን ውስጥ መልሶ ከማበጀት ነው።

የሐዋሳ ነዋሪ ሌላም ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ እየተመላለሰ ይቆያል። ሙቀትና እርጥበት የተገናኙበት፣ አየር የማይዘዋወርበት ጨለማ ቦታ ለሻጋታም ለብልም የተመቸ ነው፤ ልብስ የታጨቀበት ቁም ሳጥን ደግሞ ይህንን ሁሉ ያሟላል። ስለዚህ እዚህ ልብስን ማደራጀት ለዓይን ከማማሩ በፊት ልብሱን ከመበላሸት የማዳን ሥራ ነው።

ቀን መምረጥና መዘጋጀት

ለሥራው በጣም የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ነው፤ የወጣው ልብስ ፀሐይ ያገኛል፣ የተወለወለው ሣጥንም በዚያው ቀን ይደርቃል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ያለው የካቲትም ደህና ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሁሉን አውጥቶ መመለስ ግን እርጥብ አየር የጠጣ ልብስን መልሶ ማሸግ ስለሚሆን ባይሞከር ይሻላል። የበዓል ዋዜማም ለዚህ አይሆንም፤ ለጥምቀትም ሆነ ለፍቼ ጨምበላላ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት አልጋ ላይ ልብስ ከምሮ ሊያድር አይችልም።

የአንድ ሰው ቁም ሳጥን ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል። ባለ ሦስት በር የቤተሰብ ቁም ሳጥን ከሆነ ግን አንድ በር ለአንድ ቅዳሜ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ሰው ማታ ላይ ደክሞት፣ ጠዋት የለየውን መልሶ እየቀላቀለ ሲያስገባ አይቻለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከቀኑ ቀደም ብለው ሊታጠብ የሚገባውን ሁሉ አጥበው ያድርቁ። ሁለት ንጹሕ አንሶላ፣ አራት ባዶ ማዳበሪያ ወይም ካርቶን፣ ሜትር፣ ማርከር፣ ጥቂት የመወልወያ ጨርቅ፣ እንዲሁም መርፌና ክር ያዘጋጁ። ማንጠልጠያ፣ ቅርጫትና የፕላስቲክ ሣጥን ግን አስቀድመው አይግዙ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከገበያ ነው፤ ለሚጣል ልብስ ማስቀመጫ ይገዛና ማስቀመጫው ራሱ ሌላ መጨናነቅ ይሆንበታል። ምን ያህል ልብስ እንደሚቀር ሳይታወቅ ምን ያህል ዕቃ እንደሚያስፈልግ ሊታወቅ አይችልም።

ሁሉንም ማውጣት

አንሶላውን አልጋው ላይ አንጥፈው፣ ልብሱን ሁሉ ያውጡ። ሁሉ ሲባል በአልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ያለውን፣ በበር ጀርባ የተንጠለጠለውን ጃኬት፣ ወንበር ላይ የተከመረውንና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በማዳበሪያ ታስሮ የተቀመጠውን ይጨምራል። በተለይ ያ ማዳበሪያ መዘለል የለበትም። በእኛ ቤት ሲፈታ የተገኘው፣ ዛሬ አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ የለበሳቸው ሹራቦች ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታት ምን እንዳለበት ሳናውቅ አቧራውን ስናራግፍለት ኖረናል።

እያንዳንዱ ኪስ ሲወጣ ይፈተሽ። የተረሳ ብርና ደረሰኝ ከመገኘቱ ሌላ፣ በልጆች ልብስ ኪስ የሚቀር ከረሜላ ጉንዳን ይስባል፤ የሶፍት ብጥስጣሽም በሚቀጥለው አጠባ ጥቁር ሱሪን ሁሉ ያነጫል።

ሣጥኑንና ግድግዳውን መመርመር

ባዶውን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ስበው ጀርባውን ይመልከቱ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ ያበጠ ሰሌዳ፣ የተላጠ ቀለም ካለ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ግልጽ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው ለአንድ ቀን ከሌሊቱ ይተዉት። ጠሉ ከላስቲኩ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ውኃው ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ነውና ቁም ሳጥኑ ወደ ሌላ ግድግዳ መዛወር አለበት፤ ጠሉ በፊት ለፊቱ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ግን ምክንያቱ የክፍሉ አየር ስለሆነ መስኮት መክፈትና ሣጥኑን ማራቅ ይበቃል።

በየትኛውም ሁኔታ በሣጥኑና በግድግዳው መካከል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆነም እግሮቹን በእንጨት ቁራጭ ከፍ ያድርጉ። ውስጡን በሳሙና ውኃ በራሰና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይወልውሉ። አብዛኛው የዛሬ ቁም ሳጥን ከቺፕውድ የተሠራ ስለሆነ ውኃ ከበዛበት ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ መስኮት ከፍተው፣ ከሌላ ምንም ማጽጃ ጋር ሳይቀላቅሉ ይሁን። ከዚያ በሮቹን ከፍተው፣ ልብሱን እስኪለዩ ድረስ አየር እንዲነካው ይተዉት።

መለየት፤ በተለይ ክቱን

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። ልብሱን በአራት ይክፈሉ፦ የዘወትር፣ የክት፣ የሚጠገንና የሚሰናበት። እያንዳንዱን ልብስ በእጅዎ አንሥተው ይወስኑ እንጂ ክምሩን እያዩ አይወስኑ፤ ልብስ ካልተዘረጋ በብብቱ ያለው ቀለም፣ በአንገቱ ያለው መበላት አይታይም።

የዘወትሩ አያስቸግርም፤ ባለፉት ሁለት ወራት ለብሰውት ከሆነ የዘወትር ነው። የሚጠገነውም ቀላል ነው፤ ቁልፍ የጎደለውን ያንኑ ቀን ራስዎ ይስፉት፣ ዚፕ የተበላሸበትን ለልብስ ሰፊ ይስጡት፤ በአንድ ወር ውስጥ ካልተጠገነ ግን ከሚሰናበተው ጋር ይደመር። እጅ የሚይዘው ክቱ ነው።

በአገራችን የክት ልብስ ማለት የተከበረ፣ ለቀን የተቀመጠ ልብስ ነው። ችግሩ ብዙ ልብስ ክት የሚባለው ማንም ሳይወስንለት መሆኑ ነው። አንድ ሸሚዝ ሲገዛ «ይህ እንኳ ለክት ይሁን» ይባላል፤ ለሠርግ ይጠበቃል፤ ሠርጉ ሲመጣ ሌላ ይገዛል፤ በዚህ መካከል ባለቤቱ ይወፍራል ወይም ይከሳል፤ ሸሚዙ አንድ ቀን እንኳ ሳይጌጥበት ይጠብበዋል ወይም ይሰፋዋል። እኔ በበኩሌ ከቁም ሳጥን ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ይህ ያልተለበሰ ክት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሮጌ ልብስማ ራሱን ስለሚያጋልጥ ማስወገዱ አይከብድም።

ስለዚህ የክቱን ክምር እንደገና ይለዩ። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ የለበሱት እውነተኛ ክት ነውና ክብሩ ይጠበቅለት። ለቅሶ ስል በተለይ ጥቁር ልብስና ነጠላ ማለቴ ነው፤ እነዚህ በድንገት፣ አንዳንዴም በሌሊት ስለሚፈለጉ ሁልጊዜ ታጥበው በአንድ በታወቀ ቦታ ይቀመጡ። ልኩ የሆነ፣ ያልተጎዳ፣ ነገር ግን ዓመት ሙሉ ያልተነካ ልብስ ካለ ደግሞ መፍትሔው ቀላልና ደስ የሚያሰኝ ነው፦ ከክት ወደ ዘወትር ያውርዱት። ሰኞ ጠዋት ለብሰውት ይውጡ። ብዙ ሰው ልብስ ለመቀነስ ያረጀውን ብቻ ሲፈልግ፣ ጥሩውን መልበስ ቢጀምር ያረጀው በራሱ ጊዜ ከቁጥር እንደሚወጣ አያስተውልም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የትዝታ ልብስ ነው፤ የእናት ነጠላ፣ የሠርግ ቀሚስ፣ የመጀመሪያ ልጅ መታቀፊያ። ይህን ማንም እንዲያስወግዱ ሊያስገድድዎ አይገባም፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት ከሚከፈተው በር ወጥቶ ለብቻው በሻንጣ ይቀመጥ።

የባለቤትዎን ልብስ እርስዎ አይወስኑበት። ለይተው ያስቀምጡለትና ማታ ራሱ ይምረጥ፤ በዚህ ጉዳይ የሚነሣ ጠብ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል።

የሚሰናበተው የት ይሄዳል

ከቤት ካልወጣ ተሰናበተ አይባልም። ለዘመድ ወይም ለጎረቤት የሚሰጥ ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተሟልቶ ይሰጥ፤ ለሌላ ሰው የማይመጥን ቆሻሻ ልብስ መስጠት ተቀባዩን ማሳፈር ነው። መካከለኛውን በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ነጋዴ በላስቲክ ዕቃ ይለውጥልዎታል፤ ብቻ በለወጡት ጎድጓዳ ሳህን ምትክ ሌላ የዕቃ ክምር እንዳይፈጥሩ ይጠንቀቁ። ያረጀ የጥጥ ቲሸርትና አንሶላ ተቆርጦ የመወልወያ ጨርቅ ይሆናል፤ ሆኖም አሥር ቁራጭ ይበቃል። ማዳበሪያዎቹ ቢቆዩ እስከ ሳምንት መጨረሻ ከበር ይውጡ፤ ከዚያ ካለፈ ልጆች እየፈቱ አንድ አንዱን መመለስ ይጀምራሉ።

መደርደር

ከመደርደርዎ በፊት ሣጥኑን ይለኩ። የአዋቂ ሰው ማንጠልጠያ 42 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው የሣጥኑ ጥልቀት ከ55 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ልብሱ በበሩ ይጨመቃል፤ እንዲህ ከሆነ ከማንጠልጠል ይልቅ ማጠፍ ይሻላል። አንድ ሸሚዝ በዘንጉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ ኮት ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። የ80 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ለአየር 10 ሴንቲ ሜትር ቢተውለት 28 ሸሚዝ ወይም 14 ኮት ይችላል ማለት ነው። እጅዎን ጠፍጣፋ አድርገው በሁለት ልብሶች መካከል በነፃነት ማስገባት ካልቻሉ ዘንጉ ሞልቷል።

ከዚያ ቦታውን በቁመትዎ ይከፋፍሉ። ከዓይንዎ እስከ ዳሌዎ ያለው ለዘወትሩ ብቻ ይሁን፤ ከዓይን በላይ ያለው መደርደሪያ ለክቱ፣ ከጉልበት በታች ያለው ለጫማና ለከባድ ነገር። ይህ አንድ ደንብ ከተጠበቀ በቀለም ወይም በዓይነት መደርደር እንደ ፍላጎት ነው።

ሸሚዝ፣ ኮት፣ የጨርቅ ሱሪና የቢሮ ቀሚስ ይንጠልጠሉ። ሹራብ ፈጽሞ አይንጠልጠል፤ ክብደቱ ትከሻውን ስቦ ያረዝመዋል። ጅንስ፣ ቲሸርትና ፒጃማ ይታጠፉ። ቲሸርት ሲያጥፉ ጎንና ጎኑን ወደ መሐል መልሰው፣ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አጥፈው፣ በመሳቢያ ውስጥ እንደ መጽሐፍ አቁመው ያሰልፉት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው አይናድም። መሳቢያ ከሌለ የጫማ ካርቶን ያንኑ ሥራ ይሠራል። በመደርደሪያ ላይ የሚደራረብ ልብስ ደግሞ ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አይለፍ። ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ይታጠፍ፤ አንዱን በሌላው ውስጥ ገልብጦ ማኳስ ላስቲኩን ያላላዋል።

የልጆችን ልብስ በዛሬው ልክ ብቻ ያስቀምጡ። ለታናሽ የሚጠበቀውን «ከ4 እስከ 5 ዓመት» ብለው በማርከር ጽፈው ለብቻው ያሽጉ፤ ያልተጻፈበት ማዳበሪያ መጨረሻው ምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ።

የአበሻ ልብስ አቀማመጥ

ጋቢ፣ ቡሉኮና ቀሚስ እንደ ሌላው ልብስ አይያዙም። በእጅ የተሸመነ ቀሚስ፣ በተለይ ጥልፉ የከበደ፣ ለወራት ቢንጠለጠል ወደ ታች ይለጠጣል፤ ስለዚህ ይታጠፍ። ታጥቦ የሳሙና ቅሪት እንዳይቀርበት በደንብ ይለቅለቅ፤ ስታርች አይነካው፤ ስታርች ጨርቁን ያቢጫል፣ ነፍሳትም ይስባል። ጥለቱ በሙካሽ፣ ማለትም በሚያብረቀርቅ የብረት ክር፣ የተሠራ ከሆነ በረኪና ፈጽሞ አይቅረበው።

ሲታጠፍ ጥለቱ ወደ ውስጥ ይግባ፤ የብረት ክሩ እርስ በርሱ እንዳይፋተግ በመካከሉ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይደረግ። ሁሉም በታጠበ አሮጌ ነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከልብስ ንጽሕና ቤት ይዞት የመጣው ላስቲክ ወዲያው ይውለቅ፤ ላስቲክና ፌስታል እርጥበትን አፍነው ይይዛሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጋቢ «እንዳይቆሽሽ» ብዬ በፌስታል አስሬ ከአልጋ ሥር አስቀምጬ፣ ከክረምት በኋላ ስፈታው ጥቁር ነጠብጣብ ሠርቶበት አገኘሁት፤ ነጠብጣቡ በስንት አጠባ አልለቀቀም። ነጭ ልብስ ካልተቀባ ጣውላና ከካርቶን ጋር በቀጥታ መነካካትም የለበትም፤ በጊዜ ብዛት ያቢጨዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ አውጥተው፣ በጥላ አናፍሰው፣ በሌላ መሥመር እንደገና ይጠፉት፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚታጠፍ ጨርቅ በዚያው መሥመር ይበጠሳል።

ብልና ሻጋታ

ማታ አምፖል የሚዞረውን የእሳት ራት ሁሉ ልብስ በሊታ አድርጎ መገመት የተለመደ ነው። ልብስ የሚበላው ብል ግን ብርሃን ይሸሻል፤ የሚበላውም ክንፍ ያወጣው ሳይሆን ገና ትል የሆነው ዕጩ ነው። ምግቡ ሱፍ፣ ሐርና ጸጉር ነው፤ ጥጥን የሚነካው ላብ ወይም የምግብ ቅባት ካለበት ነው። ከዚህ የሚወጣው መመሪያ አጭር ነው፦ አንዴ የተለበሰ ሱፍ ኮት ሳይጸዳ ለወራት አይቀመጥ። ብል የገባበት ሹራብ ከተገኘ በፌስታል አሽገው አንድ ሳምንት በፍሪዘር ያኑሩት፤ እንቁላሉም ዕጩም ይሞታል። ፌስታል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ናፍታሊን ብዙ ቤት ይገኛል፤ የሚሠራው ግን ትነቱ በታሸገ ሻንጣ ውስጥ ሲከማች ነው። ተከፍቶ በሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ብሉን ሳይገድል ለሰው ብቻ ይሸታል። በሕፃናት ልብስ ላይ ፈጽሞ አይደረግ፤ በዘር የሚተላለፍ የኢንዛይም ጉድለት ያለባቸውን ሕፃናት ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ይችላል፤ ትንንሽ ልጆችም ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል። አሪቲና ጠጅ ሣር ልብሱን መልካም ሽታ ይሰጡታል፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ አይጣልባቸው።

ለሻጋታ መከላከያው ደረቅነት ነው። የተተኮሰ ልብስ የካውያው እንፋሎት ሳይለቀው አይግባ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይንጠልጠል። በክረምት ዝናብ ባቆመባቸው ሰዓታት በሮቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ከፍተው ይተዉ። ከጫማና ከቦርሳ ካርቶን የሚገኙትን ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አይጣሉ፤ በየመሳቢያው ጥግ ያስቀምጧቸው።

ቁም ሳጥን ለሌለው

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሠራተኞችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል፤ በአንዲት ክፍል ሁለት ሦስት ሆኖ ለሚኖር ተከራይ ቁም ሳጥን የማይታሰብ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ግን አይለወጥም። የዘወትሩ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ርቆ በተወጠረ ገመድ ላይ በማንጠልጠያ ይውላል፣ በሻሽ ወይም በአሮጌ አንሶላም ከአቧራ ይሸፈናል፤ ክቱ በሻንጣ ሆኖ ከሲሚንቶው ወለል በጣውላ ወይም በጡብ ከፍ ይላል። የእያንዳንዱ ተከራይ ገመድ የተለየ ይሁን፤ በአንድ ገመድ ሁለት ሰው ከሰቀለ ማን ምን እንዳለው በወር ውስጥ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ

ሥራው በተጠናቀቀ ዕለት የተንጠለጠሉትን ልብሶች ማንጠልጠያ መንጠቆ ሁሉ ወደ እርስዎ አዙረው ይስቀሉ። አንድ ልብስ ለብሰው ሲመልሱት መንጠቆውን ወደ ግድግዳው ያዙሩት። በኅዳር የጀመረ ሰው በግንቦት ሲያይ፣ ሳይዞር የቀረው መንጠቆ ስድስት ወር ያልተነካውን ልብስ ያሳየዋል፤ የዘወትር ከሆነ ይሰናበታል፣ ክት ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ ይለበሳል።

አንዴ ተለብሶ ገና ያልቆሸሸ ልብስም የራሱ ቦታ ያሻዋል፤ ወንበር ላይ የሚከመረው እርሱ ነውና። ከበሩ ጀርባ ሦስት መንጠቆ ይምቱ፤ አራተኛ ልብስ ሲመጣ ከሦስቱ አንዱ ወደ እጥበት ይሂድ። በመስከረም መጨረሻም፣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ የላይኛውን መደርደሪያ ከፍተው ጋቢውን ያሽትቱ፤ የታፈነ ሽታ ካለው ያንኑ ቀን ፀሐይ ላይ ያስጡት።